በቅሎ የሚያስይዝ ሙግት

ከደጀን ወደ ደብረ ማርቆስ የሚወስደው አስፋልት በጎጃሟ ሉማሜ ያልፋል። የአዋበል ወረዳ ዋና ከተማ ናት፤ ዙሪያዋን የጤፍ ማሳ ከቧታል። ፖከር ስለተባለው የካርታ ቁማር ታሪክ የሚጽፍ ሰው ወደዚህ አገር አይመጣም፤ ቢመጣም ካርታ የሚበውዝ ባላባት አያገኝም። ይሁንና ፖከር ተጫዋቾች ዛሬ በሒሳብ የሚያጠኑትን ብልሃት፣ በተለይም በደካማ እጅ፣ ማለትም ደካማ ካርታ ደርሶት፣ ደፍሮ ገንዘብ ማስያዝን፣ የጎጃም ባለርስት ከችሎት ተምሮት ነበር።

ነገሩ የሚጀምረው ከርስት ነው። አሜሪካዊው አንትሮፖሎጂስት አለን ሆበን በ1950ዎቹ ዓ.ም. ደጋ ዳሞት ተቀምጦ የጎጃምን የርስት ሥርዓት አጥንቷል፤ መጽሐፉም በ1973 እ.ኤ.አ. ታተመ። ርስት በአባትም በእናትም ይወረስ ነበር፤ ሴት ልጅም ከወንድሟ እኩል ትቆጠር ነበር። መሬቱን መጀመሪያ ያቀናው ዋና አባት አራት ልጆች ቢኖሩት ድርሻው አራት ላይ ይከፈላል። ከአራቱ አንዱ ሦስት ቢወልድ ለእያንዳንዳቸው ከ12 አንድ ይደርሳል። ከእነዚያ አንዷ ሁለት ብትወልድ ደግሞ ከ24 አንድ ይሆናል። ትምህርት ቤት ደጃፍ ያልረገጠ ገበሬ ይህን በቃሉ እያባዛ ሰባት ስምንት ትውልድ ወደ ኋላ ይቆጥር ነበር።

አውሮፓም የዕድልን ስሌት ያገኘው ከድርሻ ጥያቄ መሆኑ ያስገርማል። በ1654 እ.ኤ.አ. የሒሳብ ሊቃውንቱ ብሌዝ ፓስካልና ፒየር ደ ፌርማ በደብዳቤ የተመካከሩት ስለተቋረጠ ቁማር ነበር። ሁለት ሰዎች 32፣ 32 ወርቅ አስይዘው፣ ሦስት ጊዜ ቀድሞ ያሸነፈ ሁሉንም ይውሰድ ብለው ተጫወቱ እንበል። አንዱ ሁለት፣ ሌላው አንድ ጊዜ እንዳሸነፉ ጨዋታው ቢቋረጥ 64ቱ ወርቅ እንዴት ይከፈል? የፓስካል መልስ 48 እና 16 ነው። ቀጣዩን ዙር መሪው ቢያሸንፍ 64ቱን ይወስዳል፤ ቢሸነፍ እኩል ይሆኑና 32 ይደርሰዋል፤ የሁለቱ እኩሌታ 48 ነው። የጎጃሙ ባለርስት በሞቱ አባቶች በኩል የሚከፍለውን ድርሻ ፓስካል ገና ባልተጫወቱት ዙሮች በኩል ከፈለው።

ድርሻን ማወቅ ግን መሬቱን መያዝ አይደለም። ማንኛውም ሰው ስምንት ቅድመ አያቶች አሉት፤ በየአንዳንዳቸው በኩል የሚጠይቀው ርስት ሊኖር ይችል ነበር። ሁሉንም ተከራክሮ የሚዘልቅ አቅም ማንም አልነበረውም። ሆበን እንዳሳየው፣ በወረቀት ላይ እኩል መብት ያላቸው ዘመዳሞች በተግባር የያዙት መሬት እጅግ ይለያይ ነበር፤ ደጋፊ ያለው፣ ተሰሚነት ያለው፣ የትኛውን ክርክር አንስቶ የትኛውን መተው እንዳለበት የሚያውቅ ይበልጥ ያገኝ ነበር። ፖከር ተጫዋችም አብዛኛውን እጅ ጥሎ ጥቂቱን ብቻ ነው የሚጫወተው።

ሙግቱ የሚታየው ዛፍ ጥላ ሥር ነበር። ባላንጣዎች መንገደኛ አስቁመው ዳኝነት ሊያስቀምጡት ይችሉ ነበር። በልሃ ልበልሃ የሚባለው የቃል ሙግት ሲጋጋል ተሟጋቹ ዱላውን እየወዘወዘ ቃሉን በውርርድ ያጠነክራል። ማር ይላል፤ ሌላው ካልተበገረ በቅሎ፣ ከዚያም ፈረስ። ላስያዘው ሁሉ ዋስ መጥራት አለበት። ባላንጣው ውርርዱን ከተቀበለ ነገሩ በምስክር ይነጥራል፤ የተረታው ያስያዘውን ይከፍላል።

የሚከፍለው ለረቺው አይደለም፤ ለዳኛው ነው። እዚህ ላይ ከፖከር ይለያል፤ ሒሳቡንም የሚያጣፍጠው ይኸው ነው።

የተከራከሩበት ነጥብ 100 ጠገራ ብር፣ በቅሎዋ 30 ታወጣለች ብለን እናስላ፤ ለምሳሌ ያህል እንጂ የገበያ ዋጋ አይደለም። ምስክሮቹ የሳሱበት ተሟጋች የመርታት ዕድሉ ከአሥር አራት ብቻ ነው። ሳይወራረድ ቢከራከር የሚጠብቀው በአማካይ 40 ብር ነው። በቅሎ አስይዞ ባላንጣው ቢቀበለው ግን ከአሥር ስድስት ጊዜ በቅሎዋን ያጣልና 18 ብር ተቀንሶ 22 ይቀረዋል። ታዲያ ለምን ያስይዛል? ባላንጣው ፈርቶ ነጥቡን ከለቀቀለት 100ውን ሙሉ ስለሚያገኝ ነው። ከአራት አንድ ጊዜ ቢሸሽለት እንኳ ድፍረቱ ያዋጣዋል። ከአሥር ዘጠኝ ዕድል ላለው ሰው ግን ያው ውርርድ በአማካይ የሚያስከፍለው 3 ብር ብቻ ነው። እውነት ለያዘ ርካሽ፣ ለሐሰተኛ ውድ ነውና በቅሎ ያስያዘ ሰው ቃል ቢከብድ አያስገርምም።

በፖከር ያለው ስሌት የዚሁ ዘመድ ነው። መሐል 100 ብር ተቀምጦ አንዱ በባዶ እጅ 50 ቢጨምር፣ ተቃራኒው ከሦስት አንድ ጊዜ ካርታውን ከጣለለት ኪሳራ የለበትም። ተቃራኒውም 50 ከፍሎ ለማየት ከአራት አንድ የማሸነፍ ዕድል ይበቃዋል። የሒሳብ ሊቁ ጆን ፎን ኖይማን በ1928 እ.ኤ.አ. ባወጣው ጥናት፣ ኋላም ከምጣኔ ሀብት ሊቁ ኦስካር ሞርገንሽተርን ጋር በ1944 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ፣ በባዶ እጅ ማስፈራራት የጠባይ ጉዳይ ሳይሆን ልኩ በስሌት የሚታወቅ ስልት መሆኑን አሳየ። ፈጽሞ የማያስፈራራ ተጫዋች ጥሩ እጅ ሲደርሰው ሁሉም ይሸሸዋል፤ ሁልጊዜ የሚያስፈራራውን ደግሞ ማንም አያምነውም። በትንሽ በትልቁ ፈረስ የሚያስይዝ ተሟጋችም የሚያምነው አያገኝም፤ ይባስ ብሎ ዋስ የሚሆነው ያጣል። ዋሱ የጎረቤት ሚዛን ነበር፤ የፖከር ጠረጴዛ ይህ የለውም።

በዚህ ሁሉ መሐል የማይከስረው ዳኛው ነበር። ቁማር ቤት ከየጨዋታው ቆርጦ እንደሚያስቀር፣ ማሩም በቅሎውም ወደ እሱ ስለሚሄድ ውርርድ በተጋጋለ ቁጥር ይጠቀማል። ሙግት ቶሎ እንዲያልቅ የሚጓጓበት ምክንያት አልነበረውም። በ1934 ዓ.ም. ፍርድ ቤቶች በአዋጅ ተደራጁ። በ1958 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ክርክሩን በጽሑፍ አቤቱታ፣ በመልስና በማስረጃ መራው፤ ለማርና ለበቅሎ ቦታ አልተወም። በየካቲት 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሲሆን ደግሞ ያ ሁሉ ከ12 አንድ፣ ከ24 አንድ ስሌት የሚያስገኘው መሬት አልነበረም።