ሙታንን የቆጠረ የጦር ሐኪም

በ1860 (ዘመኑ ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው) በአሜሪካዋ ሲንሲናቲ አንድ የሕክምና ተማሪ የመመረቂያ ጽሑፉን ሊያዘጋጅ ተነሣ። ርዕሱ የሚጥል በሽታን በቀዶ ጥገና ስለማከም ነበር። ያስጨነቀው ጥያቄ ሕፃንም ሊጠይቀው የሚችል ነው፦ የራስ ቅላቸው ተከፍቶ ከታከሙት ስንቱ ዳነ? ስንቱስ ሞተ? ቁጥሩ በየአገሩ መጽሔትና መጽሐፍ ተበታትኗል፤ መጻሕፍቱን አሟልቶ የያዘ ቤተ መጻሕፍት ደግሞ በአገሩ አልነበረም። በየከተማው መደርደሪያ ሲበረብር የባከነውን ጊዜ እስኪሸመግል ድረስ ሲያነሣው ኖሯል።

ተማሪው ጆን ሾ ቢሊንግስ ይባላል፤ በ1838 በኢንዲያና ገጠር የተወለደ። በተመረቀ ማግሥት የእርስ በርሱ ጦርነት ፈነዳና በ1862 የሰሜኑ ጦር ሐኪም ሆነ። በ1863 በቻንስለርስቪል፣ ከዚያም በጌቲስበርግ ከቁስለኛ ወደ ቁስለኛ ሲል ሰነበተ። ነገር ግን ያ ጦርነት ሰው የፈጀው በጥይት ብቻ አልነበረም። ከሰሜኑ ጦር 360 ሺህ ያህል ሰው ሲያልቅ፣ በውጊያ የሞተው 110 ሺህ ገደማ ነው። ከቀረው አብዛኛውን የጨረሰው ተቅማጥ፣ ተስቦ፣ ወባና የመሳሰለው ነበር። ይህን የምናውቀው የጦሩ ሐኪሞች መዝገብ ይይዙ ስለነበረ ነው። ቢሊንግስ በ1864 መጨረሻ ዋሽንግተን ወደሚገኘው የጦሩ ዋና ሐኪም መሥሪያ ቤት ተዛወረና 30 ዓመት ያህል እዚያው ከረመ።

መሥሪያ ቤቱ ጥቂት መጻሕፍት ነበሩት፤ 2 ሺህ ቢሆኑ ነው። ጦርነቱ ሲያበቃ ከወታደራዊ ሆስፒታሎች የተረፈ 80 ሺህ ዶላር ገደማ ተገኘ፤ ቢሊንግስ ገንዘቡን በመጻሕፍት ላይ አዋለው። መጻሕፍቱ የተቀመጡት ፕሬዚዳንት ሊንከን በጥይት በተመታበት በፎርድ ቲያትር ቤት ነው፤ መንግሥት ሕንፃውን ቢሮ አድርጎት ነበር። ቤተ መጻሕፍቱ በ1887 ወደ አዲስ ሕንፃ ተዛወረ፤ በደህና ጊዜ ነው የወጣው። በ1893 የፎርድ ቲያትር ወለሎች ተደርምሰው 22 የመንግሥት ጸሐፊዎች ሞቱ።

በ1879 ከባልደረባው ከሮበርት ፍሌቸር ጋር «ኢንዴክስ ሜዲከስ» የተባለውን በየወሩ የሚወጣ ማውጫ ጀመረ፤ በዓለም ዙሪያ የታተመ የሕክምና ጽሑፍ በየርዕሱ የሚለቀምበት ነው። ያ ቤተ መጻሕፍት ዛሬ የአሜሪካ ብሔራዊ የሕክምና ቤተ መጻሕፍት ነው፤ በኢንተርኔት የሚገኘው የሕክምና ጽሑፎች ማውጫ ፐብሜድም የእሱ ልጅ ነው። የጥቁር አንበሳ ተማሪ ሌሊት ስልኩ ላይ ጥናት ሲፈልግ ሳያውቀው የቢሊንግስን መደርደሪያ እየበረበረ ነው።

ሰውዬው በአንድ ሥራ የሚወሰን አልነበረም። በ1870 ከየጦር ሰፈሩ ሐኪሞች ዘገባ ሰብስቦ፣ ወታደሩ በተጨናነቀና አየር በማይገባበት ቤት እንደሚታጎር በይፋ አሳተመ፤ የደንብ ልብስ ለብሶ አለቆቹን ማሳጣት ድፍረት ይጠይቃል። በ1889 የተከፈተውን የጆንስ ሆፕኪንስ ሆስፒታል የነደፈው እሱ ነው። ጡረታ ከወጣ በኋላም የኒውዮርክ ሕዝብ ቤተ መጻሕፍት የመጀመሪያ ዳይሬክተር ሆኗል።

ለእኔ ግን ትልቁ ሥራው የሞት ቆጠራው ነው። በ1880ው የአሜሪካ ቆጠራ የሟቾችን ክፍል የመራው ቢሊንግስ ነበር። ቆጣሪው በየቤቱ እየገባ «ባለፈው ዓመት ማን ሞተባችሁ?» ይላል። ሰው ደግሞ ይረሳል፤ በተለይ ጨቅላ ሕፃን። ሞት ሲደርስ ወዲያው የሚመዘገብባቸው ማሳቹሴትስ፣ ኒው ጀርሲ፣ ዋሽንግተንና ጥቂት ከተሞች ብቻ ነበሩ። ስለዚህ ቢሊንግስ የእነዚህን መዝገብ ለብቻው አወጣው፤ የአሜሪካ የሞት ምዝገባ ክልል የሚባለው የተጀመረው ከዚህ ነው። የታመነ ጥቂት ቁጥር ከማይታመን ብዙ ቁጥር እንደሚሻል ገብቶታል።

አንድ ነገር ግን አልሸፍንለትም። በዘመኑ እንደነበሩት ሰዎች ሁሉ ሟቹን በዘር እየለየ ይቆጥር ነበር። ጥቁሮች ለምን ቀድመው ይሞታሉ ለሚለው ጥያቄ የድህነትና የቤት ዓምድ በቅጹ ላይ ከሌለ፣ የቆዳ ቀለም ብቻውን መልስ መስሎ ይታያል።

የቆጠራው ወረቀት ተራራ አከለ። አንድ እሑድ ማታ ቢሊንግስ ቤት ሻይ እየተጠጣ ሳለ፣ ይህን የመደመር ሥራ የሚሠራ ማሽን ሊኖር ይገባ ነበር አለ። ከገበታው የቀረበው ሄርማን ሆለሪዝ የተባለ የቆጠራው ወጣት ሠራተኛ ነበር። ሐሳቡ የማን ነው በሚለው ላይ በኋላ ክርክር ተነሥቷል፤ ሆለሪዝ ራሱ ግን የቢሊንግስን ውለታ አልካደም። አብረን እንሥራው ብሎ ቢጠይቀው፣ ቢሊንግስ መፍትሔ መገኘቱን እንጂ ሌላ አልፈልግም አለ። የሆለሪዝ ማሽን የ1890ውን ቆጠራ ሠራ፤ ኩባንያው በ1911 ከሌሎች ጋር ተዋሐደና በ1924 አይቢኤም ተባለ። ቢሊንግስ በ1913 ሞቶ በአርሊንግተን ከወታደሮቹ ጋር ተቀበረ።

ያ ማሽን ሕያዋንን ከመቁጠሩ በፊት በ1880ዎቹ የተፈተነው በባልቲሞር ከተማ የሟቾች መዝገብ ላይ ነበር።