ከደብሳን እስከ ቆራጣ፤ በዐፄ ሱስንዮስ ዘመን ስለ ጥምቀትና ስለ ቅድስና የተነሣው ክርክር

ከወረታ ወደ ሰሜን ሄዶ የርብን ወንዝ የተሻገረ መንገደኛ በእንፍራዝ አጠገብ ደብሳን ከሚባለው ስፍራ ይደርሳል። በዚያ የሚታየው የድንጋይ ፍራሽ የሮማው ፓትርያርክ የአልፎንሶ ሜንዴስ መኖሪያ የነበረው ነው። ከወረታ ወደ ደቡብ የሄደ ደግሞ ጉማራን ተሻግሮ በደራ አገር በጣና ዳር ቆራጣን ያገኛል፤ ይህም የቅድስት ወለተ ጴጥሮስ ደብር ነው። የፎገራ ሜዳ በእነዚህ በሁለቱ መካከል ተዘርግቶ ይገኛል። ከጉና ተራራ የሚወርዱት ሁለቱ ወንዞች በክረምት ያጥለቀልቁታል፤ በበጋም ስመ ጥር የሆነው የፎገራ ከብት ይሰማራበታል። ሁለቱ ስፍራዎች ከሩቅ የማይራራቁ ሲሆኑ፣ ሰው እንዴት እንደሚቀደስ የሰጡት መልስ ግን እጅግ የተራራቀ ነበረ።

በዚህ ጽሑፍ ልንመረምረው ያሰብነው ይህንኑ ነው። የዐፄ ሱስንዮስ ዘመን ጠብ ሲወሳ ብዙ ጊዜ የሚነገረው ስለ ክርስቶስ ባሕርይ፣ አንድ ነው ሁለት ነው ስለ ተባለው ክርክር ነው። ይህ በሊቃውንት ጉባኤ እውነት ነው። ነገር ግን ሜዳ አርሶ የሚበላው ክርስቲያን ጦር ያነሣው ስለ ባሕርይ ምሥጢር ብቻ ነው ብለን ለማመን ያስቸግረናል። በእኛ አስተያየት በየቤቱ የገባው ጥያቄ ሌላ ነበረ፤ እኔ፣ አባቴና አያቴ ተጠምቀናል ወይስ አልተጠመቅንም? የሚል ነው።

ነገሩን ከመጀመሪያው እንይ። ዐፄ ሱስንዮስ በመንግሥታቸው መጀመሪያ የተቀመጡት በጣና ሰሜን ምሥራቅ ዳር በቆጋ ስለ ነበረ፣ የፎገራና የእንፍራዝ አገር ለቤተ መንግሥቱ ደጅ ነበር ማለት ይቻላል። በዚያ ዘመን የኢየሱሳውያን አለቃ የነበረው ፔድሮ ፓኤዝ ብልህና ትዕግሥተኛ ሰው ነበረ፤ የአገሩን ቋንቋ ተምሮ፣ ሳይቸኩል፣ በመጀመሪያ የንጉሡንና የመኳንንቱን ልብ ማረከ። ዐፄ ሱስንዮስ ሃይማኖታቸውን በግልጥ ከለወጡ በኋላ ፓኤዝ ብዙ ሳይቆይ በ1614 ዓ.ም. ሞተ። ከዚያ በፊት የሰንበት ቅዳሜ መከበር እንዲቀር በታዘዘ ጊዜ የቤጌምድር ገዥ ዮናኤል ሸፍቶ ነበርና፣ አገሩ ለምን ነገር እንደሚቆጣ አስቀድሞ ታይቶ ነበር። ሜንዴስ ግን ይህን ማስጠንቀቂያ አልሰማውም። በየካቲት 1618 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ በደንቀዝ በፓትርያርኩ ፊት ተንበርክከው ለሮማ ጳጳስ መታዘዛቸውን በመሐላ አረጋገጡ፤ መኳንንቱና ካህናቱም ተከተሉ።

ከዚያ በኋላ የወጣው ትእዛዝ ብዙ ነው። ግዝረት ተከለከለ፣ የጾሙና የበዓላቱ ሥርዓት ተለወጠ። ከሁሉ የከበደው ግን ሕዝቡ እንደ ገና እንዲጠመቅ፣ ካህናቱ እንደ ገና እንዲካኑ፣ አብያተ ክርስቲያናቱም እንደ ገና እንዲባረኩ መደረጉ ነው። እዚህ ላይ ለፓትርያርኩ ፍርድን ማጓደል አይገባንም። የሮማ ቤተ ክርስቲያን ራስዋ ሁለተኛ ጥምቀትን ትከለክላለች። ስለዚህ ኢየሱሳውያን ያደረጉት ጥምቀት «ያልተጠመቅህ እንደ ሆነ» በሚል ቅድመ ሁኔታ ነበረ፤ ምክንያታቸውም በአገሩ ካህናት ጥምቀት የሚነገረው ቃል በየስፍራው ይለያያል፣ ስለዚህም አጠራጣሪ ነው የሚል ነበረ። ከዚህም ሌላ የጥምቀት በዓላችን ለአውሮጳውያን ከጥንት ጀምሮ አልገባቸው ብሎ ኖሯል። በዐፄ ልብነ ድንግል ዘመን የመጣው አልቫሬዝ ንጉሡና ሕዝቡ በበዓሉ ወደ ውኃው ሲገቡ አይቶ በየዓመቱ ይጠመቃሉ ብሎ ጽፏል። መታሰቢያ የሆነውን በዓል ልጅነት ከሚሰጠው ከ40 እና ከ80 ቀን ጥምቀት ጋር መቀላቀል ማለት ነው። በየዓመቱ የሚጠመቅ ሰው አንድም ቀን በትክክል አልተጠመቀም ብሎ ለመጠርጠር ከዚህ ወዲያ ሩቅ መንገድ አያስፈልግም።

ይሁን እንጂ «ያልተጠመቅህ እንደ ሆነ» የሚለው ቃል በሮማይስጥ የሚያረጋጋውን ያህል በፎገራ ገበሬ ጆሮ አያረጋጋም። እርሱ የሚያውቀው ይህን ነው። ከአዳም የወረደው ጥንተ አብሶ በጥምቀት ይደመሰሳል፤ ሰው በሜሮን ይታተማል፤ ከዚያ በኋላ የሚሠራውን ኃጢአት በንስሐና በጾም፣ በሥጋ ወደሙም ያነጻል። መጀመሪያው ከተጠረጠረ የቀረው ሁሉ ይፈርሳል። ያልተጠመቀ ካህን አልካነም፤ ያልካነ ካህን አልቀደሰም፤ ያልተቀደሰውን የቆረቡ ወላጆችም በኃጢአታቸው ሞተዋል ማለት ነው። በሚስዮን ትምህርት ቤት ያለፍን ተማሪዎች መጽደቅና መቀደስ የሚሉትን ቃላት ለያይተን፣ አንዱን የእግዚአብሔር ፍርድ፣ ሌላውን የሕይወት ዘመን ጉዞ አድርገን ማጥናት ለምደናል። በዚያ ዘመን ለነበረው ክርስቲያን ግን ሁለቱ በአንድ ውኃ የጀመሩ ነበሩና፣ ውኃውን መጠራጠር ሙታንን ከመቃብር ማስነሣት ነበር። ይህም በምሳሌ ብቻ የቀረ አይደለም። የሮማን ሃይማኖት ሳይቀበል የሞተ የደብረ ሊባኖስ እጨጌ በቤተ ክርስቲያን ስለ ተቀበረ፣ ቤተ ክርስቲያኑ ረክሷል ተብሎ አስከሬኑ ተቈፍሮ መውጣቱን የውጭ አገር ታሪክ ጸሓፊዎች ሳይቀሩ በነቀፋ ተርከውታል።

የቤጌምድርና የላስታ ገበሬ በላስታው በመልክአ ክርስቶስ ዙሪያ የተሰበሰበው ከዚህ በኋላ ነው። ንጉሠ ነገሥቱ ቍጣውን ለማብረድ አንዳንዱን የቀድሞ ሥርዓት ቢመልሱም የጠቀመ ነገር የለም። በ1624 ዓ.ም. በወይና ደጋ በተደረገው ጦርነት ዐፄ ሱስንዮስ ድል አደረጉ፤ የኢየሱሳውያን ጸሓፊዎች የወደቀውን ሰው ወደ 8 ሺህ ያደርሱታል። መኳንንቱ ሬሳውን እያሳዩ እነዚህ እስላምም አረመኔም አይደሉም፣ የገዛ ወገኖቻችን ናቸው አሏቸው። በዚያው ዓመት በሰኔ ወር የቀድሞው ሃይማኖት እንዲመለስ ዐዋጅ ተነገረ፤ መንግሥቱም ለልጃቸው ለፋሲለደስ ተላለፈ።

አሁን ወደ ቆራጣ እንሻገር። የወለተ ጴጥሮስ ገድል በ1665 ዓ.ም.፣ እርሷ ካረፈች ከ30 ዓመት በኋላ፣ ገላውዴዎስ በሚባል መነኵሴ የተጻፈ ነው። ስለዚህ ጸሓፊው እርሷን ያወቁትን ሰዎች አግኝቷል። ጽሑፉ ገድል ነውና እንደ ዜና መዋዕል ልናነበው አይገባም፤ ሆኖም ስለ ኃጢአትና ስለ እግዚአብሔር ፈቃድ የዘመኑ ሰው ምን ያስብ እንደ ነበረ ከርሱ የተሻለ ምስክር አላገኘንም።

ወለተ ጴጥሮስ ከታላላቅ ቤተ ሰብ ተወልዳ የንጉሠ ነገሥቱ አማካሪ የነበረውን መልክአ ክርስቶስን አገባች። (ይህ ስሙ ከላስታው ሽፍታ ጋር አንድ ቢሆንም ሰውየው ሌላ ነው።) ሦስት ልጆች ወልዳ ነበር። ገድሉ እንደሚለው፣ ልጆቹ አድገው እግዚአብሔርን ደስ የማያሰኙ ከሆነ በሕፃንነታቸው እንዲወስዳቸው ጸለየች፤ ሦስቱም ሞቱ። በ1609 ዓ.ም. አቡነ ስምዖን በጦርነት በተገደለ ጊዜ ባልዋ በነገሩ እጁ እንዳለበትና የጳጳሱን ልብስ እንደ ወሰደ ሰማች፤ ከዚያ ወዲያ ከርሱ ጋር አንድ ቤት መኖርን እንደ ርኵሰት ቈጠረችው። ቤቷን ትታ መነኰሰች። የሮማን ሃይማኖት በመቃወሟ ተይዛ ለሜንዴስ ተሰጠች፤ ፓትርያርኩ ሊያስተምራት ብዙ ደከመ፣ አልሆነለትም። በመጨረሻም በምዕራብ ቆላ ወደሚገኘው ዠበይ ለሦስት ዓመት ተጋዘች፤ በዚያም ስለ ሃይማኖታቸው የተሰደዱ ሰዎች ወደ እርሷ ስለ ተሰበሰቡ የመጀመሪያው ማኅበሯ ተቋቋመ። ከግዞት ከተመለሰች በኋላ በደምቢያና በጣና ዙሪያ ተጨማሪ ማኅበራትን መሠረተች። ወንድም ሴትም፣ ካህናትም ጭምር በእርሷ ሥርዓት ሥር ይኖሩ ነበር።

በዚህ ማኅበር ቅድስና ምን ነበር? ማንም ሰው በዐዋጅ ወይም በአንድ ቀን ሥርዓት ነጻሁ ሊል አይችልም። የመኳንንት ልጅ የነበረችው ሴት እንደ ገረድ ትፈጫለች፣ ውኃ ትቀዳለች፣ እንጨት ትሸከማለች። መብል በልክ ነው፤ የግል ገንዘብ የለም፤ ጥፋት የሠራ ይገሠጻል። ይህን ብቻ ያየ አንባቢ በደብሳን ጭከና፣ በቆራጣ ርኅራኄ አለ ብሎ ሊፈርድ ይችላል። ገድሉ ግን እንዲህ ብለን እንድንፈርድ አይፈቅድልንም። ወለተ ጴጥሮስ ስለ ልጆቿ የጸለየችውን ጸሎት ኋላ ስለ መንፈስ ልጆቿ ደግማ ትጸልያለች፤ ተከታዮቿ በኃጢአት ከሚጠፉ በሞት እንዲወሰዱ ትለምናለች፤ ደዌም ወርዶ ብዙዎች ያልቃሉ። ጸሓፊው ይህን ሲተርክ አያፍርም፣ አይሸሽግምም፤ ለእርሱ ከጸጋዋ አንዱ ነው። እኛ በበኩላችን ይህን ክፍል ሳንደነግጥ ለማንበብ አልቻልንም።

እንግዲህ ሁለቱም ወገኖች የሰውን ኃጢአተኛነት አቅልለው አላዩትም። ሜንዴስ ኃጢአትን በጥርጣሬ ከቆመ ሥርዓት ያገኘዋል፤ ስለዚህ ሥርዓቱን ባስተካከለ ጊዜ ነገሩ የተፈጸመ ይመስለዋል። ወለተ ጴጥሮስ ኃጢአትን በሰው ፈቃድ ውስጥ ታየዋለች፤ ሥርዓቱ ቅን ሆኖ ሳለ ሰው እስከ ሞቱ ቀን ሊወድቅ ይችላልና ጥበቃዋ አያልቅም። ሕዝቡ ሁለተኛይቱን የመረጠው ቀላል ስለ ሆነች አይደለም። እርሷ የምትገሥጸው በሕይወት ያለውን፣ ስለ ራሱ ኃጢአት የሚጠየቀውን ሰው ነው፤ የአባቶቹን ጥምቀት ግን አልነካችበትም።

ለዚህ አስተያየታችን አንድ ማስረጃ እንጨምር። ቤተ ክርስቲያናችን ሃይማኖቱን ክዶ የተመለሰውን ሰው የምትቀበልበት መጽሐፈ ቄደር የሚባል ሥርዓት አላት። በዚህ ሥርዓት ጸሎት ይደረሳል፣ ውኃ ይባረካል፣ ተመላሹም በውኃው ይነጻል። ከሩቅ ያየው ሰው ይህም ዳግመኛ ጥምቀት ነው ሊል ይችላል። ነገር ግን መጽሐፉ የንስሐ ነው፤ የመጀመሪያው ጥምቀት እንዳለ ቆሞ፣ ሰውየው በራሱ አፍ የተናዘዘውን ርኵሰት ብቻ ያጥባል። ውኃው ያው ውኃ ሲሆን አንዱ አገር አሸፈተ፣ ሌላው ሰው መለሰ።

ወለተ ጴጥሮስ በ50 ዓመቷ ኅዳር 17 ቀን 1635 ዓ.ም. ዐርፋ በሬማ ደሴት ተቀበረች። ወዳጅዋ እኅተ ክርስቶስ ማኅበሩን ተረከበች፤ ቆራጣም ኋላ በስሟ ታላቅ ደብርና የገበያ ከተማ ሆነች። ገድሏን ኮንቲ ሮሲኒ በአውሮጳውያን አቈጣጠር በ1912 በግዕዝ አሳትሞታል፤ በ2015 ደግሞ በእንግሊዝኛ ተተርጕሞ ታትሟል። ሜንዴስ ከሱስንዮስ ሞት በኋላ መጀመሪያ ወደ ፍሬሞና፣ ቀጥሎም ከአገር ተባረረ፤ በደብሳን የቀረውን ፍራሽ የእስጳኝ አርኪዎሎጂስቶች በቅርብ ዘመን ቈፍረው አጥንተውታል።

ጥያቄው ግን ከኢየሱሳውያን ጋር አብሮ አልወጣም። ሊቃውንቱ ከእነርሱ ጋር ሲከራከሩ የሳሉት ምላስ ኋላ እርስ በርሳቸው ሆነ። ሥጋ ከመለኮት ጋር በመዋሐዱ ከበረ ወይስ በመንፈስ ቅዱስ ቅብዓት ከበረ የሚለው ክርክር በዐፄ ፋሲለደስ መንግሥት ተነሣ። የተከራካሪዎቹ ነገር አሁን የጌታ ሥጋ ሆነ እንጂ፣ የሰው ባሕርይ በምን ይከብራል የሚለው መጠይቅ ያው ነው። ቅብዓት በጎጃም፣ ጸጋ በሌላው አገር ገዳማትን ከፋፍለው ቆዩ፤ ነገሩም በዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ዘመን፣ በ1870 ዓ.ም.፣ በቦሩ ሜዳ በተደረገው ጉባኤ ለተዋሕዶ ተፈረደ።