የሐጅ ዩሱፍ በሽተኛና ሁለቱ ኦርኒኮች፦ ከጋይም ክብረአብ ጋር የሚደረግ ሙግት

ስለ ካርቱም ሐበሾች የሚጽፍ ሰው ሁሉ ከአንድ መጣጥፍ ይነሣል፤ አብዛኛውም እዚያው ይቀራል። ጋይም ክብረአብ በ1996 (ዓመታቱ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) «አፍሪካን ስተዲስ ሪቪው» በተባለው መጽሔት ላይ ያወጣው ጽሑፍ ፍርዱን በርእሱ ላይ አስቀምጦታል፤ በካርቱም ያሉት ኤርትራውያንና ኢትዮጵያውያን ስደተኞች ዐይን ሊያያቸው እምቢ ያላቸው ሰዎች ናቸው ይላል። ሐሳቡ ጠንካራ ነው፤ ለማስታወስም ቀላል ነው። በጤና ጉዳይ ግን የተሳሳተ ነው ብዬ አምናለሁ። ከ2023ቱ ጦርነት በፊት በካርቱም ሐጅ ዩሱፍ ሰፈር ይኖር የነበረ ኢትዮጵያዊ በሽተኛ ሆስፒታል በር ላይ ይታይ ነበር፤ ስሙ ይመዘገብ ነበር፤ ተራው ሲደርስም ይጠራ ነበር። መድኃኒቱን ሳይዝ ወደ ቤቱ ይመልሰው የነበረው የገንዘብ ተቀባዩ መስኮት ነው። እንዳይታይ አጥብቆ ይፈልግ የነበረው ደግሞ እሱ ራሱ የሆነበት ሌላ ቦታ ነበረ፤ ፖሊስ ጣቢያው። ለሁለቱም ምስክር የሚሆኑ ሁለት የሱዳን መንግሥት ቅጾች አሉ፤ ኦርኒክ 15 እና ኦርኒክ 8። የስደት ተመራማሪዎች እነዚህን ወረቀቶች እንደ ምንጭ ሊያዩዋቸው አልደፈሩም።

በሌሎቹ ቀደምት ሥራዎች ላይ ብዙ የምለው የለኝም። አሕመድ ከራዳዊ ከ1967 እስከ 1984 ያለውን የሱዳን የስደተኛ ፖሊሲ በጥንቃቄ አጥንቷል። ጆናታን ባስኮም በምሥራቅ ሱዳን ገጠር ስለሰፈሩት፣ ባርባራ ሃረል-ቦንድ በደቡቡ ስለነበሩት ኡጋንዳውያን ጽፈዋል። የካርቱምን ሐኪም ቤት ማእከል ያደረጉ ስላልሆኑ አልፋቸዋለሁ።

የጋይም ክርክር ግን በዝርዝር ሊመረመር ይገባዋል። መነሻው የማይካድ ነው። የ1974ቱ የሱዳን የጥገኝነት ሕግ ስደተኛ ከተመደበለት ቦታ እንዳይለቅ ከልክሏል፤ ሱዳን የ1951ዱን የስደተኞች ስምምነት ስትቀበልም የመዘዋወር ነጻነትን በሚመለከተው 26ኛው አንቀጽ ላይ ተአቅቦ አስመዝግባለች። ስለዚህ ሕጋዊው ስደተኛ በካምፕ ያለው ነው፤ ካርቱም የገባው በመንግሥትም በረድኤት ድርጅቶችም ዘንድ እንደሌለ ተቆጠረ። በዚያው መጣጥፍ ግን ከተሜው ስደተኛ ለኪራይ ቤት መወደድና ለሸቀጥ መጥፋት ሲወቀስ፣ በከሻ፣ ማለትም በፖሊስ ዘመቻ፣ ሲታፈስ እናያለን። እዚህ ላይ ክርክሩ ራሱን ያፈርሳል። የሚወቀስ ሰው ይታያል፤ በጎዳና ላይ ተለይቶ የሚታፈስ ሰውማ ከማንም በላይ ይታያል። ጋይም «አለማየት» የሚለው መብትን መንፈግን ከሆነ ልክ ነው፤ ነገር ግን ተከታዮቹ ሐሳቡን ከዚያ አውጥተው ለሁሉም ችግር ማብራሪያ አደረጉት። ስደተኛው ትምህርት ቤት ቢያጣ አልታየም፤ ሥራ ቢያጣ አልታየም፤ መድኃኒት ቢያጣም አልታየም።

ሁለተኛው ድክመት የባሰ ነው። ክርክሩ ሕክምናን መንግሥት ለሚያየው ሰው የሚሰጠው፣ ለማያየው የሚነፍገው ነገር አድርጎ ያስቀምጣል። መጣጥፉ በታተመበት ዘመን ግን ሱዳን ውስጥ እንዲህ ያለ ሕክምና ለዜጋውም እየጠፋ ነበር። ከነጻነት በኋላ የቆየው የነጻ ሕክምና ሥርዓት በ1980ዎቹ መጨረሻ መሸርሸር ጀመረ። በ1987 የአፍሪካ የጤና ሚኒስትሮች ባማኮ ላይ ተስማምተው ለመድኃኒት ወጪ በሽተኛው እንዲያዋጣ የሚለውን መንገድ ተቀበሉ። በ1989 በካርቱም የእንግሊዙ ሴቭ ዘ ችልድረንና የጤና ሚኒስቴር ተዘዋዋሪ የመድኃኒት ፈንድ አቋቋሙ፤ መድኃኒቱ ይሸጣል፣ በተሸጠው ገንዘብ ሌላ ይገዛል። የጤና መድን ፈንድ በ1994 በሕግ ቆመ፤ መድን ያለውም ቢሆን ከመድኃኒቱ ዋጋ 25 በመቶውን ከኪሱ ይከፍል ነበር። በ2010ዎቹ አጋማሽ ከአገሪቱ የጤና ወጪ ከ70 በመቶ በላይ የሚሆነው በቀጥታ ከበሽተኛው ኪስ ይወጣ ነበር። ይህ የሁሉም ሱዳናዊ ታሪክ ነው። ስደተኛው ከሌላው ተለይቶ የተከለከለው ማእድ አልነበረም፤ ማእዱ ተነሥቶ በቦታው ሱቅ ተከፍቶ ነበር።

ተዘዋዋሪውን ፈንድ ያጠናው ገማል ኸለፈላ መሐመድ ዓሊ ፈንዱ መድኃኒት ለካርቱም ሰው ተደራሽ እንዳደረገ በ2009 ጽፏል። መደርደሪያው መሙላቱን አልክድም። መደርደሪያው ሞልቶ እጁ ባዶ የሆነውን ሰው ግን የመድኃኒት ክምችት መዝገብ አይመዘግበውም።

ሐጅ ዩሱፍ ለዚህ ሙግት የተመረጠው በምክንያት ነው። ከዚህ በታች የምገልጸው ከጦርነቱ በፊት የነበረውን ኑሮ ነው። ሰፈሩ ከዓባይ ማዶ በሸርግ አን-ኒል ይገኛል። በ1984 እና 1985 ድርቅ ከኮርዶፋንና ከዳርፉር የተፈናቀለው፣ ከኑባ ተራሮችና ከደቡብ በጦርነት የሸሸው ሰው እዚህ ሰፍሯል፤ ካርቶን ከሰላ የሚባለው መንደር ስሙን ያገኘው ከዚያ ዘመን ነው። በሱቅ ሲታ ገበያ ዙሪያ ሻይና ጀበና ቡና ከሚሸጡት ሴቶች መካከል የእኛም እኅቶች አሉ። የኑባዋ ሻይ ሻጭ ዜጋ ናት፤ ብሔራዊ ቁጥር ልታወጣ ትችላለች፤ መንግሥት ያውቃታል። አጠገቧ የተቀመጠችው ኢትዮጵያዊት ኢቃማ (የመኖሪያ ፈቃድ) የላትም። ሁለቱም ልጃቸው ሲያተኩስ የሚሄዱት ወደ አንድ ጤና ጣቢያ ነው፤ የሚቆሙትም በአንድ መስኮት ፊት ነው። የመታየት ሐሳብ ትክክል ቢሆን ኖሮ የሁለቱ ዕጣ በሰፊው መለያየት ነበረበት። ወደ ከፍተኛ ሕክምና ሲላኩም መንገዱ አንድ ነው፤ ለጨጓራና ለኩላሊት ኢብን ሲና ሆስፒታል፣ ለካንሰር ሕዝቡ «ዘራ» የሚለው የጨረር ማእከል፣ ሁለቱም ከወንዙ ወዲያ ካርቱም ከተማ ውስጥ ናቸው። እስከ ዋናው መንገድ ረክሻ (ባጃጅ)፣ ከዚያ ሐፍላ (አውቶቡስ)፣ ድልድዩን ተሻግሮ ሌላ ሐፍላ፤ ይህ ሁሉ ለበሽተኛውም ለአስታማሚውም፣ ሲሄዱም ሲመለሱም ይከፈላል። ሐኪሙ «ውጤቱን ይዘህ ነገ ና» ባለ ቁጥር የትራንስፖርቱ ሒሳብ እንደገና ይጀምራል።

አሁን ወደ ወረቀቱ ልምጣ። ኦርኒክ 15 የሱዳን መንግሥት ለተቀበለው ገንዘብ ሁሉ ይቆርጠው የነበረ ደረሰኝ ነው፤ በ2015 በኤሌክትሮኒክ ደረሰኝ እስኪተካ ድረስ በካርቦን የሚባዛ ወረቀት ነበር። በሽተኛው መጀመሪያ የካርድ ይከፍላል። ሐኪሙ አይቶት ለደም ምርመራ ትንሽ ብጣሽ ወረቀት ይጽፍለታል። ብጣሿን ይዞ ወደ ገንዘብ ተቀባዩ ይመለሳል፤ ከፍሎ ማኅተም ካላስመታ ላቦራቶሪው ጣቱን አይወጋውም። ውጤቱን ይዞ ለሐኪሙ፣ ከሐኪሙ ሮሸታ (የመድኃኒት ማዘዣ) ይዞ ወደ ፋርማሲ። ፋርማሲስቱ ሮሸታውን አይቶ ዋጋውን በካልኩሌተር ይደምርና ያሳያል፤ «ሁሉን ነው ወይስ አንድ ሸሪጥ (ቅጠል)?» ይላል። በጭካኔ አይደለም፤ የደንበኛውን ዐቅም ያውቃል። በሰባት ቀን የሚያልቅ አንቲባዮቲክ ላይ የሦስት ቀን ሸሪጥ ተቆርጦ ይሰጣል፤ በሮሸታው ላይም ከተገዛው ጎን በእስክሪብቶ ምልክት ይደረጋል። ወረቀቱ ተጣጥፎ በላስቲክ ከረጢት ይገባና ከቆርቆሮ ሣጥን ሥር ይቀመጣል፤ ለሚቀጥለው ጊዜ።

እነዚህን ወረቀቶች ጎን ለጎን አስቀምጦ ማንበብ የሚችል ተመራማሪ ቃለ መጠይቅ የማይነግረውን ያገኛል። የሐኪሙ ትእዛዝ ቀን አለው፤ የክፍያው ደረሰኝም ቀን አለው። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ገንዘብ የተፈለገበት ጊዜ ነው። ምርመራ ማክሰኞ ታዝዞ ደረሰኙ በሳምንቱ ሲቆረጥ፣ በመካከል ያለው ቀን በሽታው ያለከልካይ የሠራበት ቀን ነው። በሮሸታው ላይ ምልክት ያልተደረገበት መድኃኒት ደግሞ ሳይገዛ የቀረ ነው። ማንም ሰው ለጠያቂ «ለልጄ መድኃኒት አልገዛሁም» ብሎ መናገር ይከብደዋል፤ ሮሸታው ግን አያፍርም። ያየኋቸው ወረቀቶች ለአኀዝ እንደማይበቁ፣ ባለቤቶቻቸውም ያስቀመጡት ሁሉንም እንዳልሆነ መግለጽ ተገቢ ነው። ይሁንና አቅጣጫቸው አንድ ነው።

ኦርኒክ 8 የተለየ ነገር ያስተምራል። በድብደባ፣ በስለት ወይም በሌላ የወንጀል ጉዳት የቆሰለ ሰው ከመታከሙ በፊት ከፖሊስ ጣቢያ ይህን ቅጽ አስሞልቶ እንዲመጣ በሱዳን ሆስፒታሎች ለዘመናት ሲጠየቅ ኖሯል። ሐኪሙ ያለ ቅጹ ቢያክም በሕግ እጠየቃለሁ ብሎ ይፈራል። በ2004 የፍትሕ ሚኒስትሩ በዳርፉር የተደፈሩ ሴቶች ያለ ቅጹ እንዲታከሙ መመሪያ ማውጣት ግድ ሆኖበታል፤ መመሪያው መውጣቱ ራሱ ቅጹ ምን ያህል በር ይዘጋ እንደነበር ይመሰክራል። መመሪያው ከወጣ በኋላም ወረቀቱን የሚጠይቅ ጠፍቶ አያውቅም። አሁን ኢቃማ የሌላት የቤት ሠራተኛ በአሠሪዋ ተደብድባ ክንዷ ቢሰበር አስቡ። ለመታከም ፖሊስ ጣቢያ መሄድ አለባት፤ ፖሊስ ጣቢያ ከሄደች የመጀመሪያው ጥያቄ የመኖሪያ ፈቃዷ ነው። ኦምዱርማን ውስጥ ጥቃት የተፈጸመባት ኢትዮጵያዊት በ2014 ራሷ ተከሳ ጥፋተኛ መባሏን የሰማች ሴት ጣቢያው ምን እንደሆነ ታውቃለች። ስለዚህ ክንዷን በጨርቅ አስራ በወጌሻ ታሳሻለች። የጋይም ተከታዮች ይህችን ሴት ያልታየች ይሏታል። ሳትታከም የቀረችበት ምክንያት ግን ለመታከም መታየት ግዴታዋ መሆኑ ነው።

የተገላቢጦሹ ማስረጃም አለ፤ ለምን ችላ እንደተባለ አይገባኝም። ኢመርጀንሲ የተባለው የጣሊያን ድርጅት በ2007 ሶባ ላይ ሰላም የልብ ቀዶ ሕክምና ማእከልን ከፍቷል። ሕክምናው ለማንም ነጻ ነው፤ ከኢትዮጵያ ጭምር ከጎረቤት አገሮች የሄዱ በሽተኞች ልባቸው ተከፍቶ ታክመውበታል። ቋንቋው አልተለወጠም፣ ሐበሻው ሐበሻ እንደሆነ ነው፣ የጥገኝነት ሕጉም እንዳለ ነው። የተነሣው የገንዘብ ተቀባዩ መስኮት ብቻ ነው። የውጭ ዜጋ መሆን ያን ያህል ግንብ ቢሆን ኖሮ፣ ከሕክምና ሁሉ ውድ በሆነው በልብ ቀዶ ሕክምና ላይ መታየት ነበረበት።

ሊነሡ የሚችሉ መቃወሚያዎች አሉ። በ1996 የመጀመሪያው 24 ሰዓት የድንገተኛ ሕክምና፣ በ2008 ደግሞ ከአምስት ዓመት በታች ላሉ ሕፃናት ሕክምናና በቀዶ ጥገና መውለድ ነጻ ሆነዋል የሚለው አንዱ ነው። ዐዋጁ እውነት ነው፤ መርፌው፣ ጓንቱና ግሉኮሱ ከደጅ ፋርማሲ ተገዝተው ይምጡ ሲባል ግን ነጻ የሚሆነው አልጋው ነው። የውጭ ዜጋ በአንዳንድ ቦታ የበለጠ ይጠየቃል የሚል አቤቱታም ይሰማል። ቢሆንም እጥፍ ዋጋ ዋጋ ነው፤ ክርክሬን ያጠነክረዋል እንጂ አያፈርሰውም። የቋንቋው ችግር ደግሞ በሱቅ ሲታ ዓመታት ለኖረ ሰው ጥቂት ነው።

ከሁሉ የሚከብደኝ ስለ መደጋገፋችን የሚጻፈው ውዳሴ ነው። እቁቡ፣ እድሩ፣ የጽዋ ማኅበሩ የስደተኛው ጤና መድን ናቸው ሲባል ደጋግሞ ይሰማል። የማኅበር ደብተር የገለጠ ሰው እንዲህ አይልም። እድር በሥሪቱ ለቀብር ነው። አስከሬን ወደ አገር ለመላክ ሲሆን የመዋጮ ሊስት በአንድ ምሽት ዞሮ ይሞላል፤ ሰው ሁሉ የራሱን መጨረሻ እያሰበ ይሰጣል። ለሕመም ግን መዋጮው የሚጀመረው ሆስፒታሉ ዋጋውን ከቈረጠ በኋላ ነው፤ ጠያቂውም «ቆይ፣ ደመወዝ ይድረስ» ይባላል። ኢትዮጵያ ውስጥ በ2011 በ13 ወረዳዎች የተሞከረው ማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን የቆመው በቅድሚያ መዋጮ ላይ ነው፤ አስቀድሞ ካልተዋጣ፣ ከታመሙ በኋላ የሚሰበሰበው ሁልጊዜ ዘግይቶ ይደርሳል። የካርቱም ማኅበሮቻችን ይህን ቢያደርጉ ኖሮ ብዙ ሰው ይተርፍ ነበር ብዬ አምናለሁ። ያላደረጉት ፍቅር አጥሯቸው አይደለም፤ በማንኛውም ቀን በከሻ ሊበተን የሚችል ሰው የዓመት መዋጮ ለማን አደራ ይሰጣል?

ኤፕሪል 15 ቀን 2023 የጀመረው ጦርነት ይህን ሁሉ ለወጠው። ሐጅ ዩሱፍ እስከ 2025 መጀመሪያ ፈጥኖ ደራሽ ኃይል በተባለው ታጣቂ ቡድን እጅ ቆየ፤ አብዛኞቹ የካርቱም ሆስፒታሎች ሥራ አቆሙ፤ የሰፈር ወጣቶች ያቋቋሟቸው የአስቸኳይ ጊዜ ክፍሎች በበጎ ፈቃደኛና በመዋጮ መድኃኒት ሰውን ለማቆየት ታገሉ። ብዙ ወገኖቻችን በገዳሪፍና በገላባት በኩል መተማ ገቡ። ከዚያ ወዲህ የሚወጡት ዘገባዎች እንደገና ስለ «ተረሱት» እና ስለ «ማይታዩት» ይናገራሉ። መተማ ላይ የሚመዘግቡት ሠራተኞች ስም፣ ዕድሜና የመጡበትን ሰፈር ይጠይቃሉ። በላስቲክ ከረጢት ተጣጥፎ ድንበር የተሻገረውን ሮሸታና ደረሰኝም ጠይቀው ፎቶ ቢያነሡት፣ ከጦርነቱ በፊት በሐጅ ዩሱፍ ማን ምን ታዞለት ምን እንደገዛ የሚያሳይ፣ ሌላ ቦታ የማይገኝ መዝገብ በእጃቸው ይሆናል። ወረቀቱ ግን በየዝናቡ እየራሰ ነው፤ ሥራው ሳይዘገይ መጀመር አለበት።