አንድ አንደበት፣ ብዙ ነፍስ

በክር የሚንቀሳቀስ ግዑዝ እንጨት በተመልካች ፊት ሕያው የሚሆነው እጁን ስላነሣና አንገቱን ስላዘነበለ ብቻ ሳይሆን፣ ከመጋረጃው በስተኋላ የተሰወረ ሰው ጠባዩን መርምሮ የሚስማማውን ድምፅ ሲያበጅለት መሆኑን ለመረዳት፣ የዙሪክንና የጄኔቭን የአሻንጉሊት ቴአትር ታሪክ መመልከት ይበቃል።

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1918 ዓ.ም.፣ ጎረቤቶቿ በጦርነት ሲቃጠሉ የስደተኛ ሠዓልያንና ባለቅኔዎች መጠጊያ በሆነችው በዙሪክ፣ የጥበበ እድ ትምህርት ቤቱ ዲሬክተር አልፍሬድ አልትሄር የስዊስን የአሻንጉሊት ቴአትር ባቋቋመ ጊዜ፣ ሶፊ ቶይበር የተባለችው ባለ ጥበብ ቬኒሳዊው ካርሎ ጎዚ በ1762 ለደረሰው «ንጉሥ አጋዘን» አሻንጉሊቶችን አበጀች። ድርሰቱም በዚያ ዘመን የከተማይቱን ሊቃውንት ያከራክር በነበረው በሥነ ልቡና ትንተና ላይ እንዲሣለቅ ሆኖ ተለወጠ፤ ከገጸ ባሕርያቱም አንዱ ፍሮይድአናሊቲኩስ ተባለ። አሻንጉሊቶቹ ከሾጣጣና ከድቡልቡል እንጨት ተገጣጥመው መጋጠሚያቸው በግልጽ የሚታይ፣ ፊታቸውም የማይለዋወጥ ነበርና፣ ቁጣውንም ሐዘኑንም ለሰሚው የማድረስ ሸክም በተናጋሪው አንደበት ላይ ወደቀ። ዳሩ ግን በአገራችን የኅዳር በሽታ የተባለው ወረርሽኝ ከተማይቱን ስለ መታ፣ ትርዒቱ ገና በጅምሩ ተቋረጠ፤ አሻንጉሊቶቹ ግን በዙሪክ ቤተ መዘክር እስከ ዛሬ ተጠብቀው ይገኛሉ።

በጄኔቭም ማርሴል ሞዋኒዬ በ1929 ያቋቋመችው ቴአትር ትውልድን በትውልድ እየተካ ሥር ሰድዶ፣ ዛሬ በሮዶ ጎዳና የራሱ አዳራሽ ያለው ተቋም ሆኗል።

ከ1960ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ግን የዙሪኩ ተወላጅ ዮርግ ሽናይደር ከኢነስ ቶሬሊና ከፓውል ቢዩልማን ጋር ካስፐርሊ የተባለው አሻንጉሊት ጀግና የሆነባቸውን ተረቶች በአገሩ ጀርመንኛ በሸክላ ሲያስቀርጽ፣ እንጨቱም ክሩም ቀርቶ ድምፅ ብቻውን ቀረ፤ ሕፃናቱም ምንም ሳያዩ ንጉሡን ከሌባው፣ ጠንቋይቱን ከአያቲቱ በአነጋገራቸው ለይተው ያውቁ ነበር።

በ1974 አሜሪካውያኑ ጋሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን ያወጡት፣ በ1984ም «ጥቁር ዓይን» በተባለው ጨዋታ በጀርመንኛ አንባቢዎች ዘንድ አቻ ያገኘው፣ በጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጦ እያንዳንዱ ተጫዋች የአንድን ገጸ ባሕርይ ሕይወት የሚይዝበት ጨዋታ፣ የዚህ ሙያ ወራሽ ነው ብል አልተሳሳትሁም። የጨዋታው መሪ ያለ መጋረጃ ተቀምጦ በባለ ሆቴሉም፣ በመኰንኑም፣ በጠላቱም ፈንታ ይናገራል፤ ሰሚዎቹም ይመልሱለታል። እንግዲህ ይህን ሥራ የሚሠራ ሁሉ ከቀደሙት ሊማር የሚገባው መጠንን ነው፤ ሽናይደርና ሁለቱ ባልደረቦቹ አንድ ሙሉ ዓለም የሞሉት በጩኸትና በጉሮሮ ማጣመም ሳይሆን፣ ለእያንዳንዱ ገጸ ባሕርይ ፍጥነቱን፣ ትንፋሹንና ዝምታውን ለይተው በመስጠታቸው ነውና።