ጎልፍ ጂቲአይን ለእሽቅድምድም ሜዳ ማዘጋጀት

ጎልፍ ጂቲአይ የጀርመኑ ቮልስዋገን በ1975 እ.ኤ.አ. በፍራንክፈርት የመኪና አውደ ርዕይ ያስተዋወቀው፣ በቀጣዩ ዓመት ለገበያ ያቀረበው ፈጣን የቤት መኪና ነው። የመጀመሪያው ሞዴል 110 የፈረስ ጉልበት ነበረው። ባለቤቶቹ በሥራ ቀን ይመላለሱበታል፤ አልፎ አልፎ ደግሞ ወደ 20.8 ኪሎ ሜትር በሚረዝመው የኑርቡርግሪንግ ሰሜናዊ ዙር ላይ ይነዱታል።

ብዙዎች የሞተሩን ጉልበት ለመጨመር ይቸኩላሉ፤ መቅደም ያለበት ግን ፍሬኑ ነው። የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት ይስባል። ዶት 4 የተባለው አዲስ ሳለ ቢያንስ እስከ 230 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሳይፈላ ይቆያል፤ እርጥበት ሲገባው ግን ወደ 155 ሊወርድ ይችላል። ሲፈላ አረፋ ይፈጥራል፣ አረፋው ይጨመቃል፣ ፔዳሉም ሲረገጥ ወለል ድረስ ይሰምጣል። ከሜዳው ቀን በፊት ዘይቱን መቀየር ከየትኛውም ጌጥ ይበልጣል። ለውድድር ብቻ የተሠራ የፍሬን ሸራ ደግሞ ሳይሞቅ በደንብ አይይዝም፤ ለጠዋት የከተማ መንገድ አይመከርም።

መኪናው በፊት ጎማ ስለሚጎተት የፊት ጎማዎቹ ትከሻ ቶሎ ይበላል። ነፋሳቸው ሲሞቅ ስለሚጨምር ሜዳው ላይ ይቀነሳል፣ ወደ ቤት ከመመለስ በፊት ይሞላል። የመጨረሻው ዙር በዝግታ ይነዳል፤ ፍሬኑ እስኪበርድ የእጅ ፍሬን አይያዝም፣ ማርሽ አስገብቶ ጎማው ሥር ታኮ ማድረግ ይሻላል።