የአንድ ጋሻ መሬት ሒሳብ

በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን በአዲስ አበባ ተቀምጦ በገጠር መሬት ለመግዛት ያሰበ ባለጸጋ አስቀድሞ የሚመረምረው የዋጋውን ማነስ ሳይሆን፣ መሬቱ ገባር (ግብሩ ለመንግሥት የሚገባ) ወይም ሰሞን (ግብሩ ለቤተ ክርስቲያን የሚገባ) መሆኑንና ተወላጅ ነኝ ባይ የሚነሣበት መሆን አለመሆኑን ነበር፤ በጎጃምና በጎንደር ርስት የአያት አጥንት ነውና ለባዕድ መሸጡ እንደ ነውር ይቆጠር ነበር።

መሬት በጋሻ በሚለካበት አገር ግን በ1937 ዓ.ም. አዋጅ አንድ ጋሻ፣ ማለት 40 ሄክታር ያህል፣ ለም ሲሆን 50፣ ለም ጠፍ ሲሆን 40፣ ጠፍ ሲሆን 15 ብር ግብርና አሥራት በየዓመቱ ይከፈልበት ስለ ነበረ፣ ለም ሆኖ ሳለ ጠፍ ተብሎ የተመዘገበ ቢገኝ፣ በእኔ ግምት፣ ለገዢው ከዋጋ ቅናሽ የሚበልጥ ጸጋ ነበር።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. ግን የገጠር መሬት ሁሉ የሕዝብ ሀብት ሆነ፤ ለመሬቱም ካሣ አልተከፈለም። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 40 መሬትን መሸጥና መለወጥ ከልክሏል።