ማኅደሩ ስንት ጊጋ ይይዛል?

ባለፈው ሰሞን ፍኖተ ሰላም ውስጥ ፎቶ ቤት ያለው አብሮ አደጌ ደወለልኝ። ሰላምታው ሳያልቅ «ስማ፣ ኬዟን አግኝቻለሁ፤ ውስጧ ግን ባዶ ነው። ስንት ልግዛ? 256? 500? ወይስ አንደኛውን 2 ቴራ?» አለኝ። ኬዝ የሚላት ያችን በዩኤስቢ ገመድ ከላፕቶፕ ጋር የምትገናኘዋንና ኤስኤስዲ የሚገባባትን የብረት ቅርፊት ነው። ከውጭ የመጣ ዘመድ ይዞለት መጥቶ ነው። ኤስኤስዲውን ግን ከራሱ ኪስ ነው የሚገዛው፤ ዋጋው ደግሞ እንደምታውቁት ከዶላር ጋር አብሮ ይወጣል እንጂ አብሮ አይወርድም።

«ትልቁን ግዛና ተገላገል» ልለው ነበር። አንድ ነገር ትዝ አለኝና ተውኩት። ከሁለት ዓመት በፊት አሮጌው ሃርድ ዲስኩ ከጠረጴዛ ወድቆ የአንድ ጥር ሙሉ ሠርግ ይዞበት ሄዷል። ከሙሽሮቹ አንዷ በዚያው ዓመት እናቷን ቀበረች። እናትየዋ በልጃቸው ሠርግ እስክስታ ሲወርዱ የተቀረጹበት ቪዲዮ እዚያ ዲስክ ላይ ነበር። ልጅቷ ፎቶ ቤቱ ድረስ መጥታ ምንም ሳትናገር ቁጭ ብላ እንደሄደች አጫውቶኛል።

ስለዚህ «ስንት ልግዛ?» ለሚለው ጥያቄ በአንድ ቃል መመለስ አልቻልኩም። ደግሞም ጥያቄው አዲስ አይደለም። ጎጃም ውስጥ ከኮምፒውተር በፊት ለብዙ መቶ ዓመታት ሲጠየቅ ኖሯል። (ምክሩን ብቻ የምትፈልጉ መጨረሻው ላይ አለላችሁ፤ ግን አትዝለሉ።)

ፍየሉ ከመታረዱ በፊት

የብራና መጽሐፍ የሚያስጽፍ ሰው የመጀመሪያ ሥራው ሒሳብ ነበር። ምን ይጻፍ? ገጹ ምን ያህል ይሁን? ስንት ፍየል ወይም በግ ይፈጃል? ከአንድ ቆዳ የሚወጣው ቅጠል ጥቂት ነው፤ ገጹ ሲተልቅ ቁጥሩ ይብሱን ያንሳል። ቆዳው ይነከራል፣ ይወጠራል፣ ይፋቃል፣ ይደርቃል። ከዚያ ተቆርጦና ታጥፎ ጥራዝ ይሆናል። ቁም ጸሐፊው የመቃ ብዕሩን ቀለም ከመንከሩ በፊት ዳር ዳሩን በወስፌ ወግቶ መስመር ያሰምራል። በገጽ ስንት መስመር እንደሚገባ የሚቆረጠው ያኔ ነው። ጽሕፈቱ ጉልህ ከሆነ ለዓይን ይመቻል፤ ብራናው ግን ቶሎ ያልቃል። ረቂቅ ከሆነ ብዙ ይገባል፤ ጸሐፊውም አንባቢውም ዓይናቸው ይደክማል።

መጠኑ እንደ አገልግሎቱ ነበር። ዳዊት 150ውን መዝሙር፣ 15ቱን የነቢያት ጸሎት፣ መኃልየ መኃልይን፣ ውዳሴ ማርያምን ከነአንቀጸ ብርሃኑ መያዝ አለበት፤ ሆኖም በእጅ የሚያዝና መንገድ ላይ የሚደገም መሆን ነበረበት። ስንክሳር ግን የዓመቱን የየዕለት ንባብ ስለሚይዝ አንድ ላይ ቢጠረዝ ለማንሳትም ያስቸግራል። ስለዚህ አብዛኛውን ጊዜ ለሁለት ይከፈላል፤ አንዱ ከመስከረም እስከ የካቲት፣ ሌላው ከመጋቢት እስከ ጳጉሜን። (ፓርቲሽን ማለት ይኸው ነው።)

መጽሐፉ ተጽፎ፣ ተጠርዞ፣ ተደጉሶ ሲያበቃ ማኅደር ይሰፋለታል። ማኅደር ማደሪያ ነው፤ ማንገቻ ያለው የቆዳ ቤት። ግድግዳ ላይ ይሰቀላል፣ መንገደኛ ያነግተዋል፣ ከአቧራና ከዝናብ ያድናል። የሚሰፋውም በመጽሐፉ ልክ ነው። መጀመሪያ ማኅደር አሰፍቶ «አሁን ምን መጽሐፍ ልክተትበት?» ያለ ደብተራ ሰምቼ አላውቅም። ጓደኛዬ ያደረገው ግን ልክ ይህንን ነው።

ፊልም ይዘው የመጡት

በ1962 ዓ.ም. ዩኔስኮ ተንቀሳቃሽ የማይክሮፊልም ቡድን ወደ ኢትዮጵያ ላከ። ቡድኑ በአዲስ አበባና በጎጃም ጠቅላይ ግዛት የሚገኙ የብራና መጻሕፍትን በፊልም አነሣ። የተነሡት መጻሕፍት ዝርዝርም እ.ኤ.አ. በ1970 ታተመ። ጎጃም ውስጥ በየደብሩ ተሰቅሎ የኖረው ማኅደር አውራ ጣት በምታህል ፊልም ውስጥ መግባት የጀመረው በዚያ ዘመን ነው።

ከዚያ እ.ኤ.አ. በ1973 ትልቁ ሥራ ተጀመረ። የኢትዮጵያ የብራና መጻሕፍት ማይክሮፊልም ቤተ መጻሕፍት የሚባለው ፕሮጀክት በቤተ ክህነትና አሜሪካ ሚኒሶታ ውስጥ ባለው የሒል የብራና ቤተ መጻሕፍት ትብብር እስከ 1990ዎቹ አጋማሽ ድረስ ወደ 9,000 የሚጠጉ መጻሕፍትን አነሣ። ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ዕድሜያቸውን የሰጡት እነዚህን ፊልሞች እያነበቡ ዝርዝራቸውን ለማውጣት ነበር።

ለእኛ ጉዳይ ግን ከ9,000 የሚበልጠው ቁጥር 2 ነው። ፊልሙ አንድ ቅጂ አዲስ አበባ፣ አንድ ቅጂ ሚኒሶታ እንዲቀመጥ ተደረገ። በተጀመረ በዓመቱ አብዮት ፈነዳ፤ ከዚያ ጦርነት፣ ረሃብ፣ የመንግሥት ለውጥ መጣ። በዚህ ሁሉ መሃል ከመጻሕፍቱ የጠፉም የተሰረቁም አሉ። ምስላቸው ግን ባሕር ማዶም ስለነበር ዛሬ ተመራማሪ ያነባቸዋል።

ማንኩሳ በካሴት

ከፍኖተ ሰላም ብዙም የማትርቀውን ማንኩሳን አገር ሁሉ የሚያውቃት በልብ ወለድ ነው። የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» በ1958 ዓ.ም. ታተመ፤ በዛብህም የማንኩሳ ልጅ ነው። መጽሐፉን ያላነበበው ሕዝብ ደግሞ በወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ ከሬዲዮ ሰማው። ያ ትረካ ከሬዲዮ ወደ ካሴት፣ ከካሴት ወደ ሲዲ፣ ከሲዲ ወደ ኤምፒ3፣ ከዚያ ወደ ስልካችን እየተገለበጠ ዛሬ ደርሷል። የብዙዎቻችን እጅ የገባው የቅጂ ቅጂ ነው፤ ልክ እንደ ብራናው።

በካሴት ዘመንም «ስንት ልግዛ?» ነበር። ባለ 60 ደቂቃ፣ ባለ 90 እና ባለ 120። ባለ 120ው ለገንዘቡ ብዙ ይይዛል፤ ክሩ ግን ከሌሎቹ የሳሳ ነውና ቴፑ ቶሎ ይበላዋል። በእስክሪብቶ ካሴት ያጠነጠነ ሰው የምለው ይገባዋል። ብዙ ስለያዘ ብቻ የተገዛ ዕቃ ምን እንደሚያመጣ ያኔ ተምረናል (ረሳነው እንጂ)።

ቀጥሎ የመጣው የፍላሽና የሚሞሪ ካርድ ዘመን ነው። ከፍኖተ ሰላም እስከ ቡሬ በየሙዚቃ ቤቱ በር ላይ «ዘፈን ይጫናል» የሚል ወረቀት ተለጠፈ። በርበሬውን ሽጦ ወደ ቀበሌው የሚመለስ ገበሬ ጣት በማትሞላ ካርድ ስንት ሰዓት ዘፈን ይዞ ገባ። ሒሳቡ ቀላል ነው፤ ንግግር በ64 ኪሎቢት ኤምፒ3 ቢቀመጥ አንድ ሰዓቱ 29 ሜጋባይት ገደማ ነው። አንድ ጊጋ ከ30 ሰዓት በላይ ትረካ ይይዛል ማለት ነው። በባለ 90 ካሴት ቢሆን ከ20 ካሴት በላይ ይፈጅ ነበር።

ከአንድ ቶን ወደ አንድ ጣት

እ.ኤ.አ. በ1956 አይቢኤም የመጀመሪያውን የኮምፒውተር ሃርድ ዲስክ ሲያወጣ ዕቃው 50 ሳህኖች ነበሩት፤ ወደ አንድ ቶን ይመዝን ነበር። የሚይዘው 5 ሚሊዮን ፊደል ብቻ ነው። በ1980ዎቹ የቶሺባው ፉጂዮ ማሱኦካ የፍላሽ ሚሞሪን ፈጠረ፤ የሚሽከረከር ሳህንም የሚንቀሳቀስ ክንድም የሌለበት፣ ኃይል ቢቋረጥም የያዘውን የማይረሳ። ኤስኤስዲ የዚያ ልጅ ነው። ከጠረጴዛ ቢወድቅ የሚላቀቅ ሳህን የለውም፤ ከፍኖተ ሰላም አዲስ አበባ ከ380 ኪሎ ሜትር በላይ በአውቶቡስ ቢንገጫገጭም ግድ የለውም።

ነገር ግን የጉልህና የረቂቅ ነገር እዚህም አለ። በአንዲት የሚሞሪ ክፍል 3 ቢት የሚጽፍ ኤስኤስዲ አለ፤ 4 ቢት የሚያጭቅም አለ። ባለ 4ቱ ለዋጋው ብዙ ይይዛል፤ ትልቅ ፋይል ሲጻፍበት ግን ይዘገያል፤ ተጽፎ የሚጠፋበት ዕድሜም ያጥራል። ቁም ጸሐፊው ቢያየው አይገርመውም።

ደግሞ እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። አንድ የግዕዝ ፊደል በተለመደው የዩኒኮድ አጻጻፍ 3 ባይት ይወስዳል። በዚህ ሒሳብ ያች የድሮ 1.44 ሜጋባይት ፍሎፒ 490 ሺህ ያህል ፊደል ትይዛለች፤ ዳዊት ሙሉው ይገባባታል። ሲያዩት የአባቶቻችን ጽሑፍ ቦታ አይፈጅም። ቦታ የምንፈጀው እኛ ነን፤ ከነዘፈናችን፣ ከነሠርጋችን።

እሺ፣ ስንት ይግዛ?

አሁን ወደ ጓደኛዬ። «መጀመሪያ የያዝካት ኬዝ የምን ናት?» አልኩት። እንደ ጠፍጣፋ የኪስ መጽሐፍ ያለውን ባለ 2.5 ኢንች የሳታ ኤስኤስዲ የምትቀበል ናት፤ ወይስ እንደ ማስቲካ ቀጭን የሆነውን ኤም.2? ኤም.2 ከሆነች ደግሞ ሳታ ናት ወይስ ኤንቪኤምኢ? መጽሐፉና ማኅደሩ ካልተለካኩ ጊጋው ምንም ቢሆን አይሠራም። ሳታ መሆኗን አረጋገጥን።

ቀጥሎ ሒሳብ። ካሜራው በሴኮንድ 28 ሜጋቢት ይቀርጻል፤ ይህ በሰዓት 12.6 ጊጋ ነው። ሁለት ካሜራ 6 ሰዓት ቢቀርጽ አንድ ሠርግ ወደ 150 ጊጋ ይደርሳል። በ4ኬ ቢቀርጽ በሰዓት 45 ጊጋ ስለሚሆን ሒሳቡ ከሦስት እጥፍ ያልፋል። ካርቶኑ ላይ 1 ቴራ የሚለው ኮምፒውተሩ ላይ 931 ሆኖ ይታያል፤ ሻጩ አላታለለህም፤ ፋብሪካው በሺህ፣ ኮምፒውተሩ በ1,024 ስለሚቆጥሩ ነው። ኤስኤስዲ ጢም ብሎ ሲሞላ ስለሚንቀራፈፍም 15 በመቶውን ባዶ መተው ደግ ነው። በዚህ ስሌት 256ቱ አንድ ሠርግ፣ 500ው ሁለት፣ 1 ቴራው አምስት፣ 2 ቴራው ከአሥር በላይ ይይዛል።

ጓደኛዬ በጥር ስምንት ያህል ሠርግ አለው። ስምንቱም ግን በአንድ ቀን ኤስኤስዲው ላይ መሆን የለባቸውም፤ የሚያቀናብራቸው ብቻ ይሁኑ። ስለዚህ «1 ቴራ ግዛ፤ ከ2 ቴራው በተረፈህ ገንዘብ ተራ የሚሽከረከር ሃርድ ዲስክ ግዛ። ያለቀውን እዚያ ገልብጥና እቤትህ አስቀምጠው፤ ፎቶ ቤት አታምጣው» አልኩት። ኤስኤስዲ ለሥራ እንጂ ለዓመታት መሳቢያ ውስጥ ለሚተኛ መዝገብ አይሆንም። ለረጅም ጊዜ ኃይል ካላገኘ የያዘው ቻርጅ ቀስ በቀስ ሊፈስ ይችላል።

የቀሩትን አጠር ላድርጋቸው። በአሮጌው ዩኤስቢ 2 ሶኬት 150 ጊጋ ለመገልበጥ ከአንድ ሰዓት በላይ ይፈጃል፤ በዩኤስቢ 3 ከኤስኤስዲ ወደ ኤስኤስዲ ስድስት ሰባት ደቂቃ ይበቃል። መብራት መቼ እንደሚሄድ ለማይታወቅበት ከተማ ይህ ልዩነት ትልቅ ነው። በፋት32 የተዘጋጀ ዲስክ ከ4 ጊጋ የሚበልጥ ፋይል አይቀበልም፤ በኤክስፋት ፎርማት ይደረግ። በማይታመን ዋጋ የሚሸጥ «2 ቴራ» ካያችሁ ደግሞ እጃችሁን ሰብስቡ። መጠኑን የሚዋሽ ዕቃ አለ፤ የመጀመሪያዎቹን ጊጋዎች ይይዝና ቀሪውን የጻፈ መስሎ ይውጠዋል። ማንኛውንም አዲስ ዲስክ ከማመናችሁ በፊት እስከ አፉ ሞልታችሁ መልሳችሁ አንብቡት።

«ክላውድ ላይ አስቀምጠው» የምትሉኝ ትኖራላችሁ። ጥሩ ምክር ነው፤ ለቦሌ። ኢንተርኔት በ2009 ዓ.ም. ለፈተና ተዘግቷል፤ በ2011 ዓ.ም. ሰኔ ላይ ተዘግቷል። ከ2015 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ ጀምሮ ደግሞ አማራ ክልል ውስጥ የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጦ ነበር። በዚያን ጊዜ ፍኖተ ሰላም ላለ ፎቶ ቤት ሰማዩ ላይ ያለ ፋይል ሰማይ ላይ ነው የሚቀረው። ሁለተኛው ቅጂ በእግር የሚደረስበት ቦታ መሆን አለበት።

የእናትየዋ ነገር

ጓደኛዬ ስልኩን ሊዘጋ ሲል ያልነገረኝን ነገረኝ። ያ የእናትየዋ እስክስታ ተገኝቷል። ከገጠር ለሠርጉ የመጣ አንድ የአክስት ልጅ በስልኩ ቀርጾት ነበር፤ 40 ሴኮንድ፣ ምስሉ የደበዘዘ፣ ድምፁ የሚንኮሻኮሽ። ካርዱ ባለ 4 ጊጋ ነው። ከዘፈንና ከሰባት ዓመት ፎቶ ጋር ተጨናንቆ እዚያው ኖሯል። ልጅቷ ሦስት ቦታ አስገለበጠችው፤ በራሷ ስልክ፣ በወንድሟ ስልክና ፎቶ ቤቱ ውስጥ።

ጓደኛዬን «ታዲያ አሁን ያ ቪዲዮ አንተ ጋ የት ነው ያለው?» አልኩት።

«አዲሱ ኤስኤስዲ እስኪመጣ ላፕቶፑ ላይ ነው» አለኝ።

«ሌላስ ቦታ?»

ዝም አለ። ከዚያ «ቆይ መልሼ ልደውልልህ» ብሎ ዘጋው።